«ነገ ቀጠሮ አለዎት»

በአማርኛችን እየሄዱ «መጣሁ» ማለት የተለመደ ነው። ሰውየው ከተቀመጠበት ይነሣል፤ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፤ የበሩን እጀታ እንደያዘ ፊቱን ወደ እኛ መለስ ያደርግና «መጣሁ» ይለናል። ጀርባውን ሰጥቶን እየወጣ መሆኑን በዓይናችን እያየን እናምነዋለን። አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሰውየው በአምስት ደቂቃ ሊመለስ ይችላል፤ በሁለት ሰዓትም ሊመለስ ይችላል፤ የጠጣበትን ሂሳብ ለእኛ ጥሎ እንደወጣ ሊቀርም ይችላል። «መጣሁ» ሲለን የነገረን ይህንኑ ነው፦ እስክመለስ ሥራችሁን ቀጥሉ፤ ተቀምጣችሁ አትጠብቁኝ፤ ግን አትርሱኝ።

እኔ የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ኮምፒውተር «መጣሁ» እንዲል በማድረግ ነው። እንዲህ ስል ፈገግ የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ይኸው «መጣሁ» አንዲት እናትን እንዴት እንቅልፍ እንደነሣ፣ እኔንም ከዚያ ወዲህ ለሰው ቀጠሮ በሰጠሁ ቁጥር እጄን ወደ ደረት ኪሴ መስደድ እንዴት እንዳስለመደኝ ነው።

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ ስለ አንዲት ትእዛዝ ጥቂት ማለት አለብኝ።

ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ የፈጠረው ብሬንዳን አይክ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1995፣ አሠሪው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ነበር። የመጀመሪያውን ቅርጽ ያወጣው በዐሥር ቀን ገደማ ነው ይባላል። ገና ከጅምሩ ከዚህ ቋንቋ ጋር አብራ የኖረች «ሴትታይምአውት» የምትባል ትእዛዝ አለች። ስሟ ረዘም ቢልም ሥራዋ አጭር ነው። ሁለት ነገር ትቀበላለች፤ አንደኛው መሠራት ያለበት ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ሥራው ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሚሠራ ነው። ጊዜው የሚለካው በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺህኛ ነው። አንድ ሰከንድ 1,000፣ አንድ ደቂቃ 60,000፣ አንድ ቀን ደግሞ 86,400,000 ይሆናል። «ይህን ከ5,000 በኋላ ሥሪልኝ» ካልናት ከአምስት ሰከንድ በኋላ ትሠራለች። በዚያው ቅጽበት ደግሞ እንደ ዕቃ ማስቀመጫ ካርድ ያለ አንድ መለያ ትሰጠናለች። ሐሳባችንን ብንለውጥ ያንን መለያ ይዘን ሄደን «ያ ቀጠሮ ይቅር» ማለት እንችላለን። ይህን መለያ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጃቫስክሪፕትን አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው ጽሕፈት ቤት አስቡት። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠው ጸሐፊም አንድ ነው። የያዘውን ጉዳይ ሳይጨርስ ቀና ብሎ ሌላ ሰው አያይም። ቀጠሮ የተሰጠው ባለጉዳይ ሰዓቱ ስለደረሰ ብቻ መጥቶ መስኮቱን አያንኳኳም፤ ሰልፍ ይይዛል። ከፊቱ ጉዳዩ የረዘመ ሰው ካለ ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ «ከአምስት ሰከንድ በኋላ» ሲባል «ቢያንስ ከአምስት ሰከንድ በኋላ» ማለት ነው። «ከዜሮ ሚሊ ሰከንድ በኋላ» ብንል እንኳ «አሁኑኑ» ማለት አይሆንም፤ «በእጅህ ያለውን ጨርስና» እንደ ማለት ነው። ያገራችን «መጣሁ» ከዚህ የተሻለ ወንድም ያለው አይመስለኝም። በቅርቡ ደግሞ ብራውዘሮቹ የራሳቸውን ቁጠባ ጨምረውበታል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ከዓይን ተሰውሮ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠሮዎቹን በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያይ ያደርጋል፤ ባትሪ እንዳይባክን።

በአጭሩ ቀጠሮው ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይቀድምም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት እንደ ዳዊት ስደግመው ኖሬአለሁ። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ሥራ ሰጠኝ። የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የእነርሱ አልነበረም። ክሊኒኩ የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማንን ይከታተላል። ጥቂቶቹ በየሁለት ሳምንቱ፣ አብዛኞቹ በየወሩ ይቀጠራሉ። መድኃኒት የሚታዘዝላቸው እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ስለሆነ ቀጠሮውን የረሳ ሰው መድኃኒቱንም ያቋርጣል። የደም ግፊት ደግሞ ሳያስታምም የሚጎዳ በሽታ ነው። ሰው «ደኅና ነኝ» ብሎ ቤቱ እንደተቀመጠ ውስጥ ውስጡን ልብና ኩላሊቱን ይበላዋል፤ አንድ ቀን ድንገት ይጥለዋል። ሐኪሙ የነገሩኝ ቃል ይህ ነበር፦ «ከቀጠሯቸው አንድ ቀን አስቀድሞ በሞባይላቸው መልእክት ቢደርሳቸው ከሞት የምናድነው ሰው ይኖራል።»

ይህን ሲሰማ ልቡ የማይሞቅ ወጣት የለም። እኔም ሞቀኝ።

በካርድ ክፍሉ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ያሳለፉ አንዲት ሴት ነበሩ። እኔ «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉኛል። ሽፋኑ የጠነከረ ትልቅ መዝገብ አላቸው። በየገጹ አናት ላይ አንዳንድ ቀን ተጽፏል። ሕመምተኛ ሲቀጠር ገጹን ወደፊት ይገልጡና በቀጠሮው ቀን ላይ ስሙንና ስልኩን ያሰፍራሉ። ጠዋት ጠዋት ሥራ ሲገቡ ደግሞ ከሻያቸው በፊት የነገውን ገጽ ያወጡና ስልክ ላላቸው ይደውላሉ። እኔ ይህን ሁሉ ድካም ላስቀር መምጣቴ ነበር።

«ከእንግዲህ አይደክሙም እትዬ፤ ማሽኑ ይሠራዋል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው አዩኝና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ። መዝገቡን ግን አልዘጉትም።

ፕሮግራሙን የጻፍኩት ሜቴዎር በሚባል የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርክ ነው። ፍሬምወርክ ማለት ምሰሶው የቆመ፣ ጣራው የተመታ ቤት ነው፤ ለባለቤቱ የሚቀረው ግድግዳውን መምረግ ብቻ ነው። ሜቴዎር እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ ቀርቦ ነበር፤ 1.0 የተባለው እትሙ የወጣው በጥቅምት 2014 ነው። በወቅቱ ብዙ ወጣት ፕሮግራመር ይወደው ነበር፤ በገጹ ላይ የሚታየውንም ሆነ በሰርቨሩ ውስጥ የሚሠራውን በአንድ ቋንቋ ለመጻፍ ያስችላልና።

በመጀመሪያ ያችን «ሴትታይምአውት» እንደለመድኳት ጠራኋት። ቀጠሮው ደርሶ ሥራው ሊጀመር ሲል ሜቴዎር ቀይ ጽሑፍ ወረወረብኝ። ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሜቴዎር ኮድ ዘወትር በፋይበር ውስጥ መሮጥ አለበት» እንደ ማለት ነው። ፋይበር አንድ ሥራ ማን እንደ ላከው፣ ለማን እንደሚሠራ፣ የት ላይ እንዳቆመ ይዞ የሚዞርበት ከረጢት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። እኔ የቀጠርኩት ሥራ ያንን ከረጢት ሳይዝ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻውን መጣ። መዝገብ ቤቱ «ማን ላከህ?» ቢለው መልስ የለውም። በልጅነቴ እናቴ ጎረቤት ልካኝ በመንገድ ላይ ጨዋታ አይቼ ቆሜ፣ በኋላ ጎረቤት ደጃፍ ደርሼ ምን ልበል እንደ ተላኩ የጠፋብኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ለዚህ ችግር ሜቴዎር የራሱ የሆነች ሴትታይምአውት አለችው፤ ቀጠሮውን ከነከረጢቱ የምታስቀምጥ ናት። በእርሷ ለወጥኳት፤ ተስተካከለ።

ከዚያ ፈተንኩት። የዐሥር ሰከንድ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ከዐሥር ሰከንድ በኋላ የገዛ ሞባይሌ ጮኸ። የአንድ ደቂቃ ያዝኩ፤ ጮኸ። የሁለት ሰዓት ቀጠሮ ይዤ ምሳዬን በላሁ፤ ቡናዬን ስጠጣ ጮኸ። «ነገ ቀጠሮ አለዎት። እንዳይቀሩ» ይላል። ደስ አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ የአንድ ወር ቀጠሮ የሚፈትን ሞኝ ከየት ይመጣል?

ሰኞ ዕለት ሥራ ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ገና ከአንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ልጅ፣ ቶሎ ድረስ» አሉኝ እትዬ፤ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ስደርስ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበሮች በሰው ተሞልተዋል። ሁሉም ትናንት ታክመው፣ የወር ቀጠሮ ተይዞላቸው የሄዱ ናቸው። ሁሉም ሞባይላቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ከነርሱ መካከል ነጠላቸውን አጣፍተው ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ፊታቸው ላይ ሌሊቱ ሁሉ ይነበባል።

«እማማ፣ ምን ብለው መጡ?» አልኳቸው፣ ጎንበስ ብዬ።

«ነይ ብላችሁኝ ነዋ» አሉ። «ትናንት ደሜን ሰጥቼ ነው የሄድኩት። ምን አገኛችሁብኝ፣ ልጄ? ንገረኝ፤ አልደነግጥም።»

እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩን ቀስ በቀስ ከአፋቸው ሰማሁ። ቤታቸው ሰንዳፋ ነው። ትናንት ከክሊኒኩ ወጥተው ላምበረት መናኸሪያ ሲደርሱ ነው መልእክቱን ያዩት። ማንበብ ስለማይችሉ አጠገባቸው ለነበረ ተማሪ ሰጡት። ልጁ «ነገ ቀጠሮ አለዎት፣ እንዳይቀሩ ይላል» አላቸው። እርሳቸው ደግሞ ሐኪሙ በአፉ «ከወር በኋላ» ማለቱን አልረሱም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወር ወደ ነገ የተለወጠው ምን ክፉ ነገር ቢገኝ ነው? ወደ ቤታቸው መሄዱን ትተው ኮተቤ አንድ ዘመድ ቤት አደሩ። «አደሩ» ማለት ይቅለለኝ እንጂ፣ ሌሊቱን ሙሉ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በሐሳባቸው ሲሰናበቱ ነው ያነጉት።

«እማማ፣ ምንም በሽታ አልተገኘብዎትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይደለሁም። መልእክቱን የሚልከውን ማሽን የሠራሁት ነኝ።»

ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ማሽኑ ምን አይቶብኝ ነው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አጣሁ። ሐኪሙ ወደ ውስጥ አስገብተው ግፊታቸውን ለኩ። ከትናንቱ እጅግ ወጥቶ ነበር። ግፊትን ለማውረድ የሠራሁት ማሽን የአንዲት እናትን ግፊት በአንድ ሌሊት ሰቀለው ማለት ነው። ሐኪሙ ራሳቸው ቁጭ ብለው አስረዷቸው፤ ዐረፍ ብለው ሻይ እስኪጠጡ ድረስ እንደገና ለኳቸው፤ ወረደ። ሲወጡ የመሳፈሪያ ልስጥዎት ብላቸው እምቢ አሉ። «ደኅና ነሽ ካላችሁኝ ሌላ ምን እፈልጋለሁ» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ባይቆጡኝ ኖሮ ይህን ያህል ባልከበደኝ ነበር ብል ሐሰት ነው፤ የከበደኝ ባለመቆጣታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ተቀመጥኩና የተላኩትን መልእክቶች ዝርዝር አወጣሁ። እትዬ ሳልጠይቃቸው መዝገባቸውን ከፍተው አጠገቤ አኖሩልኝ። ለካ ማሽኑ ከገባም በኋላ መጻፋቸውን አላቆሙም። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ነገሩ ብልጭ አለ። በየሁለት ሳምንቱ ከሚመጡት አንድም ሰው አልተጠራም። የተጠሩት በሙሉ የወር ቀጠሮ የተያዘላቸው ናቸው።

መልእክቱ የሚላከው ከቀጠሮው አንድ ቀን አስቀድሞ ስለሆነ ለሁለት ሳምንት ሰው የሚጠበቀው 13 ቀን ነው፤ በሚሊ ሰከንድ 1,123,200,000 ይሆናል። ለወር ሰው 29 ቀን ነው፤ 2,505,600,000 ይሆናል። ሴትታይምአውት ደግሞ የሚጠበቀውን ጊዜ የምታኖረው 32 ቤት ባለው መደርደሪያ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ዜሮ ወይም አንድ ብቻ ይገባል። አንደኛው ቤት ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው ወይስ በላይ የሚለውን ለማመልከት ይያዛል። በቀሩት 31 ቤቶች ሊጻፍ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው። ይህም 24 ቀን ከ20 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ገደማ ነው። በጾም ብንለካው ጾመ ፍልሰታን ይችላል፤ ዐቢይ ጾምን አይችልም።

ከዚያ የበለጠ ቁጥር ሲሰጥስ? ሜቴዎር በሰርቨሩ በኩል የሚሠራው ኖድ በሚባለው ሥርዓት ላይ ነው። ኖድ ከልኩ ያለፈ ቁጥር ሲመጣበት ወደ 1 ይለውጠዋል። አንድ ሚሊ ሰከንድ! ሃያ ዘጠኝ ቀን መጠበቅ ያቃተው «በኋላ» ጭራሽ «አሁን» ሆነ። በኋላ የወጡት የኖድ እትሞች ይህ ሲሆን ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፤ ያን ጊዜ የነበረው ግን ዝም ብሎ ነው የላከው። «ሊዘገይ ይችላል እንጂ አይቀድምም» ያልኩት ዳዊቴ በዚያ ቀን ተቀደደ።

ይህ ቁጥር ሌላም ቀጠሮ አለው። በርካታ የቆዩ የኮምፒውተር ሥርዓቶች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በዚያው ባለ 32 ቤት መደርደሪያ ላይ እየደመሩ ነው። መደርደሪያው የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ይውላል። የጥምቀት ዕለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ታቦታቱ ጃን ሜዳ አድረው ጸበሉ ሊረጭ ሲል ማለት ነው። ያን ቀን ያልታደሱ ማሽኖች አንድ ሰከንድ አልፈው ወደ እ.ኤ.አ. 1901 ዓመት ይወረወራሉ፤ ፈረንጆቹ ቀኑን ከወዲሁ ፈርተው ሥርዓቶቻቸውን እያደሱ ነው። እኔ ግን የእኔው ጥምቀት አስቀድሞ ደርሶብኝ ነበር።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። መድኃኒቱን ያገኘሁ መሰለኝ። ረጅሙን መንገድ ከፋፈልኩት። «መጀመሪያ 24 ቀን ጠብቅ፤ ከዚያ ተነሥተህ የቀረውን ጠብቅ» አልኩት። ይህንንም ፈተንኩት፤ በዚህ ጊዜ እውነተኛውን ቁጥር አስገብቼ። ማንም ያለ ቀኑ አልተጠራም። እትዬንም በኩራት «አሁን ይዝጉት መዝገቡን» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉኝ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ሌሊት መብራት ሄደ። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ጊዜ መብራት መሄዱ ዜና አልነበረም። የተጠባባቂው ባትሪ የቻለውን ያህል ታግሎ ጠፋ። እሑድ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ ተነሣ፤ ፕሮግራሙም በራሱ ተነሣ። ሁሉ ነገር ደኅና ይመስላል። ነገር ግን ሴትታይምአውት ቀጠሮዎቿን የምታኖረው በማሽኑ አእምሮ ውስጥ እንጂ በወረቀቱ ላይ አይደለም። አእምሮው መብራት ሲጠፋበት ይነጻል። እሑድ የነቃው ፕሮግራም እንደ ሕፃን ንጹሕ ነበር፤ ማንንም አላስቀየመም፣ ለማንም ቃል አልገባም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ዝርዝሩን ስመለከት ከዚያ እሑድ በፊት ከተያዙት ቀጠሮዎች አንድም መልእክት አለመላኩን አየሁ። ላብ አጠመቀኝ። ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ። ሕሙማኑ ግን በየቀጠሯቸው እየመጡ ነው! አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

«እትዬ፣ እነዚህን ማን ጠራቸው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ። «መብራት ሄዶ ነበር። ሰው ራሱን ስቶ ሲነቃ ያለፈውን ይረሳል። ማሽኑም እንደዚያው ሊሆን ይችላል ብዬ ደወልኩላቸው።»

እንዲህ ያለ ነገር በማንኛውም መጽሐፍ ላይ አላነበብኩም ነበር። አፍሬ ቆምኩ። በመጨረሻ «ማሽኑን ከመጀመሪያውም አላመኑትም ማለት ነው» አልኳቸው፤ ድምፄ ውስጥ ቅሬታ ሳይኖርበት አልቀረም።

ያን ጊዜ ነው ቀና ያሉት። «ማሽኑን ስለማላምን አይደለም ልጄ። እኔ ራሴንም አላምንም። የማምነኝ ብሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ምን ያስጽፈኛል?»

ያንኑ ሌሊት የሠራሁትን አፍርሼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሜቴዎር ሞንጎ ከሚባል የመረጃ ቋት ጋር ነው የሚመጣው፤ እዚያ የተጻፈ ነገር መብራት ቢሄድም አይጠፋም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ፕሮግራሙ ምንም ነገር በአእምሮው እንዳይዝ አደረግሁ። ስሙን፣ ስልኩንና ቀኑን ብቻ ይጽፋል። ከዚያ በየሩብ ሰዓቱ ይነሣና መዝገቡን ይገልጣል፤ «መልእክት ሊላክለት ሲገባ ያልተላከለት ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ካለ ይልካል፤ ከጎኑ ምልክት ያደርጋል፤ ተመልሶ ይተኛል። ረጅሙ ቀጠሮ አሁን ረጅም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ለማሽኑ የሚቀረው ትልቁ ትዝታ የዐሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። መብራት ቢሄድም ሲመለስ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡን መግለጥ።

ጨርሼ ቁጭ ስል የሠራሁት ምን እንደሆነ ገባኝ። የእትዬን መዝገብና የጠዋት ልማዳቸውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ያህል ያለ ችግር ሠራ። የሰንዳፋዋ እናት በየወሩ ይመጡ ነበር። ሲያገኙኝ «ያ ማሽንህ ዛሬስ ምን አለ?» እያሉ ይስቁብኛል። አንድም ቀጠሮ አላፈረሱም። እትዬ ስማቸውን ሲጽፉ «እኚህ እንኳን ባልደውልላቸውም ይመጣሉ» ይሉ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ቀን ለሥራ ክሊኒኩ ውስጥ እያለሁ የካርድ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። እትዬ አነሡት። ጥቂት አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ስልክ ላይ ሆነው እንኳ ተቀምጠው ሊሰሙት ያልወደዱት ነገር ነበር። የደወለው የእኚያ እናት ልጅ ነው። እናቱ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው፤ ሠልስታቸው ነበር። ለቅሶ ቤቱ ሰው እንደ ሞላ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው የእናቱ ሞባይል ይጮሃል። ልጁ አንሥቶ ያነባል። «ነገ ቀጠሮ አለዎት። እንዳይቀሩ።»

በልቤ «ሊሰድበን ነው» አልኩ። ቢሰድበንም መብቱ ነው። እትዬ ስልኩን ዘግተው የነገሩኝ ግን ሌላ ነበር። ልጁ የደወለው ሊወቅሰን አልነበረም። «እናቴ ቀጠሮ አፍርሳ አታውቅም። ነገ ስትጠብቋት ቀርታ ቅር እንዳትሰኙባት ብዬ ነው» ብሏቸዋል።

ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ እትዬ ማስመሪያቸውን አወጡ። መዝገቡን ገልጠው በስማቸው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ፤ ከጎኑ «ነፍስ ይማር» ብለው ቀኑን ጻፉበት። እኔም ወደ ኮምፒውተሩ ዞርኩ። በሠራሁት ገጽ ላይ ለመመዝገብ ቁልፍ አለ። ቀን ለመለወጥ ቁልፍ አለ። ቀጠሮ ለማስቀረት ግን ቁልፍ የለም። ያችን መለያ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ መጀመሪያ ላይ ለምኜ ነበር። ሴትታይምአውት ቀጠሮ በሰጠች ቁጥር «ሐሳብህን ብትለውጥ» ብላ የምትሰጠውን ማለቴ ነው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አንድ ጊዜ እንኳ ተቀብዬ አስቀምጬ አላውቅም። ሰው ለምን እንደሚመጣ እንጂ ለምን ሊቀር እንደሚችል አስቤ አላውቅማ።

ቁልፉን ያንኑ ዕለት ጨመርኩት። በላዩ ላይ «ሰርዝ» ብዬ ጽፌ ለእትዬ አሳየኋቸው።

«ይህን ቃል አንሣው» አሉኝ። «ሰው አይሰረዝም።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ቀጠሮው ቀርቷል በል።»

እንደዚያው ብዬ ጻፍኩት።

ያ ፕሮግራም ዛሬ በሌላ ተተክቷል። ሜቴዎርም እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ያንን የፋይበር ከረጢት ጥሎ በሌላ መንገድ መሥራት ጀምሯል። እትዬ ጡረታ ወጥተዋል፤ በበዓል በበዓል እጠይቃቸዋለሁ። እኔ አሁንም ኮምፒውተር «መጣሁ» እንዲል አደርጋለሁ። ሰው ግን «እሑድ እንገናኝ» ሲለኝ «እሺ» ብዬ ብቻ አላልፍም። ከደረት ኪሴ ትንሿን ደብተር አወጣለሁ፣ ገጹን ወደ እሑድ እገልጣለሁ፣ ስሙን እጽፋለሁ። አንዳንዱ ወዳጄ ይህን ሲያይ «አታምነኝም እንዴ?» ይለኛል። የምመልስለት የእትዬን መልስ ነው።